ጎተራው ሞልቶ ልጁ ለምን ቀነጨረ?

(ከዚህ በታች የቀረበው፣ አንዲት ጡረተኛ መምህርት በአንድ የወላጆችና የመምህራን ስብሰባ ላይ «ትምህርት፣ ሀብትና የቤተሰብ ማዕድ» በሚል ርዕስ ያደረጉት ንግግር ነው። ለአንባቢዎቻችን ይጠቅማል በማለት አትመነዋል። ዝግጅት ክፍሉ)



ስለ ምግብ እንድናገር ስትጋብዙኝ መጀመሪያ የመለስኩት «እባካችሁ ተዉኝ» የሚል ነበር። ሽንኩርት በፍሬ፣ ዘይት በትንንሽ ፕላስቲክ ከየሱቁ በሚቃረምበት ከተማ ቆሞ ስለ ተመጣጠነ ምግብ መስበክ፣ ጫማ ለሌለው ሰው ስለ ካልሲ ቀለም እንደ ማውራት ሆኖ ታየኝ። ታዲያ አንዲት እናት፣ ከእናንተው መካከል ናት ስሟን አልጠራም፣ «ቲቸር፣ እኛ የሌለንን እንዲቆጥሩልን አይደለም የፈለግነው፤ ባለን ነገር ምን እናድርግ ነው ጥያቄያችን» አለችኝ። በዚህ አፍ አስያዘችኝና ይኸው መጣሁ።

ዛሬ የማነሳው ጥያቄ አንድ ነው። የአንድ ቤት ልጅ በልቶ የሚያድገው ቤቱ ሀብታም ስለሆነ ነው? ወይስ እናቱ የተማረች ስለሆነች? ወይስ ሁለቱም ተሟልተው ሌላ የሚጎድል ነገር አለ? ነገሩ የፈተና ጥያቄ ይመስላል። ግን እኮ መልሱን ያልመለሰ ቤት ዋጋውን በልጁ ቁመት፣ በልጁ አእምሮ ይከፍላል። መልሱን ያልመለሰ መንግሥት ደግሞ ዋጋውን በትውልድ ይከፍላል።

በራሴ ቤት የደረሰው

ከራሴ ልጀምር። የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩት ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነበር። ባለቤቴም ደመወዝተኛ፣ እኔም ደመወዝተኛ። በዚያን ጊዜ ሁለት ደመወዝ የሚገባበት ቤት በሰፈሩ ዘንድ የጌታ ቤት ነው። ሥራ ስመለስ ጡት አስጣልኩትና በጡጦ የላም ወተት ጀመርኩለት። ወተቱን «ሆዱን እንዳይከብደው» እያልን በውሃ እናቀጥነዋለን። ስድስት ወር ሲያልፈው ሻይ በዳቦ፣ ብስኩት በሻይ ሆነ። ለእንግዳ የሚቀርበው ለልጄ ቀረበለት ብዬ እኮራ ነበር። ልጁ ግን ዓመት ሞልቶትም አልቆመ። ተቅማጥ አይለቀው፣ ፀጉሩ ሳሳ፣ ፊቱ የሽማግሌ ፊት መሰለ።

ከአጥሩ ማዶ ጠላ እየጠመቀች የምትተዳደር ሴት ነበረች። ፊደል አልቆጠረችም። ልጇ ከልጄ በሁለት ሳምንት ያንሳል፤ ሲድህ ግን መሬቱን ያርሰዋል! አንድ ቀን እያፈርኩ «ለመሆኑ ምን ታበይዋለሽ?» አልኳት። እሷም ስቃ «ምን አለኝ ብለሽ ነው እመቤቴ! ስንዴውን ከባቄላና ከሽምብራ ጋር ቆልቼ አስፈጭና ገንፎ አገነፋለታለሁ። ጎመን ስቀቅልም አድቅቄ አጎርሰዋለሁ። ጡቴንም አልከለከልኩትም» አለችኝ። በማግሥቱ ልጄን ይዤ ጤና ጣቢያ ስሄድ ነርሷ የነገረችኝ ከጎረቤቴ ቃል አንድም ፈቅ አላለም።

እንግዲህ ፍረዱኝ። የምስክር ወረቀቱ የእኔ፣ ደመወዙ የእኔ፣ ጤነኛው ልጅ የእሷ! ልጄ ተርፎ ዛሬ የልጆች አባት ነው፤ ተመስገን። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ «የተማረ» እና «ያወቀ» አንድ ናቸው ብዬ አላውቅም። ይሁን እንጂ አንድ የጎረቤት ታሪክ ይዘን ትምህርትም ሀብትም ዋጋ የለውም እንዳንል፣ አገር አቀፉን ቁጥር እንይ።

ኪስ ሲሳሳ ማዕድ ይሳሳል

ኤርንስት ኤንግል የሚባል ጀርመናዊ የስታትስቲክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1857 የቤልጅየም ሠራተኞችን የቤት ወጪ መርምሮ አንድ ሕግ አወጣ። ቤቱ በደኸየ ቁጥር ከገቢው ውስጥ ለምግብ የሚያወጣው ድርሻ ይበዛል ይላል። ሀብታም ካገኘው ብር ለምግብ የሚያወጣው ጥቂቱን ነው፤ ድሃ ግን ካገኘው አብዛኛውን ለሆዱ ያውላል። ስለዚህ የእህል ዋጋ ሲጨምር ሀብታም ከመዝናኛው ይቀንሳል፤ ድሃ ከወጡ ይቀንሳል። ከ160 ዓመት በላይ ያለፈው ይህ ሕግ ዛሬም መርካቶ እህል በረንዳ ላይ ቆሞ ይታያል።

በ2015 ዓ.ም. አንድ ኩንታል ጤፍ ከ10 ሺህ ብር በላይ ሲሸጥ ያያችሁ ናችሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ ይወሰን ተብሎ ሲለቀቅ ዘይቱም ስኳሩም ምን እንደሆነ እኔ ልነግራችሁ አይገባም። በዚህን ጊዜ በየቤቱ የሚሆነው አንድ ነው። መጀመሪያ የሚቀረው ሥጋ ነው፤ ቀጥሎ እንቁላልና ወተት ይቀራል፤ ከዚያ ምስሩ ወደ ሽሮ፣ ሽሮው ወደ ቀጭን ሽሮ ይወርዳል። እንጀራው ግን እስከ መጨረሻው አይቀርም። ሆድ ይሞላል፤ ሰውነት ግን ይራባል። «ልጄ ጠግቦ ነው ያደረው» የምትለው እናት አልዋሸችም። የጠገበው ሆዱ ነው፤ አጥንቱና ደሙ ግን አልጠገቡም።

እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት በአገራችን ከአምስት ዓመት በታች ካሉ 100 ሕፃናት 38ቱ የቀነጨሩ ናቸው። መቀንጨር ማለት ልጁ ለዕድሜው የሚገባውን ቁመት ሳያገኝ መቅረት ነው። ቁመቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ «አጭር ነው፣ ምን አለበት» ብለን ባለፍነው። ግን አጥንቱ ያላደገለት ልጅ አእምሮውም በሚገባ አልተገነባለትም። ከፅንስ እስከ ሁለተኛ ዓመቱ ባለው አንድ ሺህ ቀን ውስጥ የጎደለው ነገር ኋላ በሥጋም በቅቤም ተሞልቶ አያልቅም።

በዚያው ጥናት በኑሮ ደረጃቸው የመጨረሻ ከሆኑት ቤተሰቦች ልጆች ከ100 ውስጥ 45ቱ ቀንጭረዋል። ከላይኛው የኑሮ ደረጃ ካሉት ደግሞ 26ቱ። ስለዚህ ሀብት ለውጥ ያመጣል ወይ? አዎን፣ ያመጣል! «ድህነት ሰበብ ነው፣ ዋናው ግንዛቤ ነው» እያሉ በየስብሰባው ለሚያደነቁሩን ባለሥልጣናት መልሱ ይኸው ነው። ባዶ ድስት በግንዛቤ አይፈላም።

ግን ያቺን 26 እዩልኝማ። ከላይኛው ደረጃ ካሉት ቤቶች እንኳ ከአራት ልጆች አንዱ ቀንጭሯል ማለት ነው። እርግጥ በእኛ አገር «ላይኛው ደረጃ» ሲባል ቪላና መኪና ያለው ብቻ አይደለም፤ ብዙው ከተሜ እዚያ ውስጥ ይገባል። ቢሆንም እነዚህ ቤቶች ሽምብራና ጎመን መግዛት አቅቷቸው አይደለም። ታዲያ ምን ጎደለ?

የጎተራው ምሥጢር

ነገሩን ይበልጥ የሚያስገርም ሌላ ቁጥር አለ። በዚሁ በ2016ቱ ጥናት ከክልሎች ሁሉ መቀንጨር የበዛበት አማራ ክልል ነበር፤ ከ100 ሕፃናት 46። እንግዲህ ጎጃም የሚገኘው በዚህ ክልል ነው። ጤፉ፣ በቆሎው፣ ማሩ፣ ቅቤው ከዚያ ተጭኖ ነው አዲስ አበባ የሚገባው። ጤፉን ገዝታ የምትበላው አዲስ አበባ 15 ስትሆን፣ ጤፉን የሚያመርተው ገበሬ ልጅ 46! ጉድ እኮ ነው።

በድርቅ የሚጠቃው የሶማሌ ክልል ደግሞ 27 ነበር። እዚያ ልጁ ወተት ይጠጣላ! (ይህን ስል ሶማሌ ተመችቶታል ማለቴ አይደለም። ድርቅ ሲመጣ ከብቱ ያልቅና የመክሳቱ አደጋ ከሌላው ሁሉ የባሰ ይሆናል።) ነገሩ የሚያስተምረን ግን ግልጽ ነው። የእህል ብዛት ብቻ ልጅ አያሳድግም፤ የእህሉ ዓይነትና ወደ ልጁ አፍ የሚደርሰው ነገር ነው የሚያሳድገው።

የጎጃሙን ገበሬ ቤት በዓይነ ኅሊናችሁ ግቡበት። ጎተራው ሙሉ ነው። ዶሮዎቹ ይጥላሉ፤ ላሚቱ ትታለባለች። እናትየው እንቁላሉን ቅዳሜ ገበያ ይዛ ትወጣለች። በብሩ ጨው፣ ስኳር፣ ሻይ ቅጠል፣ ለልጁም ብስኩት ገዝታ ትመለሳለች። እንቁላል ሸጦ ብስኩት! ከተሜው ይህን ሲሰማ «አላዋቂነት» ይላል። ቆይ ግን፣ እስቲ በእሷ ቦታ እንሁን። የወፍጮው ይከፈላል፤ ደብተሩ ይገዛል፤ ለዕድር ይዋጣል። የእህሉን ብር የሚይዘው አባወራው ነው። በእሷ እጅ የሚገባው የእንቁላሉ ሳንቲም ብቻ ነው። ስለዚህ ከጎደላት ነገር አንዱ እውቀት ቢሆንም፣ ሌላው በገዛ ቤቷ የማዘዝ ሥልጣን ነው።

በዚያ ላይ የአበላሉ ሥርዓት አለ። ወጡ ሲቀርብ ጥሩ ጥሩው ለአባትየውና ለእንግዳው ነው፤ እናትና ልጅ የሚበሉት የተረፈውን ነው። ነፍሰ ጡሯም ቢሆን «ፅንሱ ይገዝፍብሻል» ተብላ ትቀንሳለች። ጾም ሲመጣ ደግሞ ድስቱ እንዳይነካካ ተብሎ ለሕፃኑም ወተቱና እንቁላሉ ይቀርበታል። ቤተክርስቲያን ሕፃን ልጅ ጹም አላለችውም። የምናጾመው እኛ ነን። እኔ ጾም የምጾም ሴት ነኝ፤ ጾሙን ለመንቀፍ አይደለም የቆምኩት። የንስሐ አባቶቻችን ይህችን አንዲት ነገር በየቤቱ ቢናገሩ ከመቶ ዓውደ ጥናት ይልቅ ትሰማለች ለማለት ነው።

ፊደል ወጥ ውስጥ ገብቶ ምን ይሠራል?

አሁን ወደ ትምህርቱ እንምጣ። በ2016ቱ ጥናት ምንም ካልተማሩ እናቶች ልጆች ከ100 ውስጥ ከ40 በላይ የሚሆኑት ቀንጭረዋል፤ ከሁለተኛ ደረጃ በላይ ከተማሩ እናቶች ልጆች ግን ከ25 በታች። ልዩነቱ በሀብታምና በድሃ መካከል ካለው ልዩነት አያንስም። እ.ኤ.አ. በ2000 ዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ያወጣው ጥናት ደግሞ 63 ታዳጊ አገሮችን መርምሮ፣ ከ1970 እስከ 1995 ድረስ ለታየው የሕፃናት ክብደት ማነስ ቅነሳ 43 በመቶ የሚሆነው ምክንያት የሴቶች ትምህርት ነው አለ። የምግብ አቅርቦት ማደግ ድርሻው 26 በመቶ ነበር። ሴት ልጅን ትምህርት ቤት መላክ እህል ከማምረት የበለጠ ልጅ አሳደገ ማለት ነው!

እንዴት? ደብተር አይበላ፣ ጠመኔ አይወጣወጥ። መንገዱ እንዲህ ነው።

አንደኛ፣ የተማረች ልጅ በ14 ዓመቷ አትዳርም። ራሷ አድጋ ሳትጨርስ አትወልድም። ሰውነቷ ያልጠና እናት የምትወልደው ልጅ ገና ከማሕፀን ጀምሮ የጎደለው ነው።

ሁለተኛ፣ አራርቃ ትወልዳለች። ጡት የሚጠባው ልጅ ጡቱን በላዩ ለመጣ ታናሹ ሳይለቅ ሁለት ዓመቱን ይሞላል።

ሦስተኛ፣ ጤና ጣቢያ ስትሄድ የሚነገራትን ትሰማለች፤ ካልገባትም «ይድገሙልኝ» ትላለች። ያልተማረች እናት ግን ነጭ ጋዋን የለበሰውን ፈርታ «እሺ» ብላ ትወጣለች። ይህቺ «ይድገሙልኝ» የምትል አፍ ቀላል ነገር እንዳትመስላችሁ። ሕይወት ታድናለች።

አራተኛ፣ እጅ መታጠብና ውሃ ማፍላት ትለምዳለች። ልጁ ገንፎውን በልቶ በተቅማጥ ካወጣው ምን ጥቅም አለው? የእኔን ልጅ ያከሳው የምግብ እጦት ብቻ አልነበረም፤ ያልተቀቀለው የጡጦ ጫፍም ነበር።

አምስተኛ፣ የራሷ ገቢ ይኖራታል። የራሷ ገቢ ያላት ሴት ባሏ ፊት ቀና ብላ «እንቁላሉ አይሸጥም፤ ልጁ ይብላው» ትላለች።

እንግዲህ አስተውሉ። ከአምስቱ ውስጥ «ቫይታሚን» የሚል ቃል አለ እንዴ? የለም። ትምህርት ሥራውን የሚሠራው የምግብ ዓይነት በማስሸምደድ ሳይሆን፣ ሴቲቱን ሰው በማድረግ ነው። ጠላ ጠማቂዋ ጎረቤቴም ያልተማረች ብትሆንም ሁለት ነገር ነበራት። አንደኛ ከእናቷ የወረሰችው እውቀት፣ ሁለተኛ በገዛ እጇ የምታዘው ገንዘብ። እኔ ደግሞ ትምህርቱ ኖሮኝ ያንን የእናት እውቀት «የገጠር ነገር ነው» ብዬ ጥዬው ነበር።

ክብርና ይሉኝታ

ከዚህ ላይ አንድ የሚያሳፍር ነገር ልናገር። ምግባችንን የምንመርጠው በጥቅሙ ሳይሆን በክብሩ ነው። ጎመን የድሃ ምግብ ተብሎ ተናቀ። «ጎመን በጤና» ስንል እንኳ ጎመንን እየዘለፍን ነው፤ ቅቤውን ብናገኝ ጎመኑን እንተወዋለን ማለታችን ነው። የሚገርመው፣ ጎመኑ ራሱ ጤና መሆኑ ነው! ቀይ ጤፍ ለስንት ዘመን የሎሌና የተማሪ ቤት ምግብ ነበር፤ ማኛ ለጌታ። አሁን «ብረት አለው» ሲባል ደግሞ ፈላጊው በዛ። ባቄላ፣ አተር፣ ተልባ፣ ሱፍ፣ ኑግ፣ የኮንሶ ሽፈራው፣ ይህን ሁሉ ይዘን የታሸገ ነገር እናሳድዳለን።

የከተማ ባለገንዘብስ? ለልጁ ምሳ ሲቋጥር ለስላሳ መጠጥ፣ ችፕስና ብስኩት ነው። ጎረቤት ይይለት ነዋ! ቦርጭም የኑሮ ማማር ምልክት ሆኗል። በዚያው በ2016ቱ ጥናት በአዲስ አበባ ከ100 ሴቶች ወደ 29 የሚሆኑት ከልክ በላይ ወፍረው ተገኝተዋል፤ በገጠር 3 አካባቢ ብቻ። ስኳር በሽታውና የደም ግፊቱ ከዚያ ይከተላል። አንዱ ወገን ሳያገኝ ይቀነጭራል፤ ሌላው ወገን አግኝቶ ይታመማል። እውቀት የሌለው ሀብት እንዲህ ነው። ሀብት የሌለው እውቀትም ያው ነው፤ እያወቁ መራብ ይሆናል።

ከዚህ ሁሉ የባሰው ደግሞ ይህ ነው። ከ6 እስከ 23 ወር ካሉ ሕፃናት ውስጥ የሚገባውን ዓይነትና መጠን ያለው ምግብ ያገኙት ከ100 ውስጥ 7 ብቻ ነበሩ። ሰባት! ድሃውም ሀብታሙም፣ የተማረውም ያልተማረውም ተደምሮ ማለት ነው። ይህ የአንድ ቤት ጥፋት ሊሆን አይችልም።

ሹማምንቱስ?

ያለው ነገር ይነገር። እ.ኤ.አ. በ2000 ከ100 ሕፃናት 58 የነበረው መቀንጨር በ2016 ወደ 38 ወርዷል፤ በ2019ም 37 ሆኖ ነበር። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በእግራቸው እየተንከራተቱ የሠሩትን ማን ይክዳል? በአዲስ አበባ የተጀመረውም የተማሪዎች ምገባ ብዙ ልጅ ከመሳት አድኗል። መምህር ሆኜ በረሃብ ወንበር ላይ የሚተኛ ልጅ ስላየሁ ይህን አመሰግናለሁ።

ነገር ግን ከ2016 እስከ 2019 በሦስት ዓመት አንድ ብቻ መውረዱን ስታዩ ምን ትላላችሁ? ለዓመታት «በሁለት አኃዝ አደግን» ሲባልልን አልነበረም? ዕድገቱ ልጆቹ ቁመት ላይ ለምን አልታየም? ሐምሌ 2007 ዓ.ም. የሰቆጣ ቃል ኪዳን ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2030 ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር ዜሮ እናደርጋለን ተባለ። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ማንም አይጠላውም። ግን ቃል ኪዳኑ በየሆቴሉ አዳራሽ ስብሰባ፣ አበልና የቡፌ ምሳ ሲሆን ያሳዝናል። ስለ ረሃብ ተሰብስቦ ቡፌ ማንሳት ቢያንስ ደስ አይልም!

መንግሥት ቢፈልግ እንደሚችል ግን ማስረጃ አለኝ። ጨው። ቀድሞ አዮዲን ያለበት ጨው የምናገኘው ከአሰብና ከምጽዋ ነበር። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ ያ ተቋረጠና ፊታችንን ወደ አፍዴራ አዞርን፤ ጨው ተገኘ፣ አዮዲኑ ግን ቀረ። እንቅርት እየበዛ፣ ልጅ አእምሮው እየደከመ እ.ኤ.አ. በ2011 አዮዲን ያለበት ጨው ያለው ቤት ከአምስት አንዱ እንኳ አልነበረም። ያን ዓመት አስገዳጅ ደንብ ወጣ። በ2016 ጥናቱ ሲደረግ ከ10 ቤት ወደ 9 የሚሆነው አዮዲን ያለበት ጨው ነበረው። እናቶች ሁሉ በአምስት ዓመት ውስጥ ተማሩ እንዴ? ሀብታም ሆኑ እንዴ? አልሆኑም። ሕጉ ሱቁ ድረስ ስለገባ ነው።

በተቃራኒው፣ የነገዋን እናት የሚያሳድገው ትምህርት ቤት ምን ላይ ነው? በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከ100 ከ4 በታች ነበሩ። ጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ተነሳ፤ እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ድረስ ልጆች ትምህርት ቤት አልረገጡም። በ2015 መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል ውጊያ ተነስቶ ሚሊዮኖች ከትምህርት ገበታ ራቁ። መቀንጨር በባሰበት አገር ትምህርት ቤት ሲዘጋ የዛሬዋ ተማሪ ብቻ አይደለችም የተጎዳችው። ከ10 ዓመት በኋላ የምትወልደው ልጅም ዛሬ ተፈርዶበታል። ጥይት ያልነካውን ልጅ ጦርነቱ እንዲህ ይገድለዋል።

ገንዘቡን ብቻ ለሚያስብም ቁጥር አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት፣ ኢትዮጵያ በ2009 ብቻ በሕፃናት የምግብ እጥረት ሳቢያ 55.5 ቢሊዮን ብር ወይም ከጠቅላላ ምርቷ 16.5 በመቶ እንደከሰረች ገምቷል። ለልጅ ምግብ ያልወጣ ገንዘብ ተረፈ ማለት አይደለም፤ በሌላ በር ወጣ ማለት ነው።

እና ምን ይደረግ?

መጀመሪያ በቤታችን። ልጅ እስከ ስድስት ወሩ የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ ጡቱ ሳይቋረጥ ወፈር ያለ ገንፎ ይጀመርለት፤ ሁለት እጅ እህል፣ አንድ እጅ ባቄላ ወይም ሽምብራ ተቆልቶ ይፈጭ። ፋፋ የሚባለውን ዱቄት የምታስታውሱ አላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በስዊድን ድጋፍ የአገራችን ባለሙያዎች የሠሩት ነው፤ መሠረቱም እህልን ከጥራጥሬ መቀላቀል ነው። የጎረቤቴ ገንፎና ፋፋ ዘመዳሞች ናቸው! ጎመኑ ይድቀቅለት፤ ካሮት ይጨመርለት፤ ከተገኘ ሎሚ ጠብ ይደረግበት። ሻይ ከምግብ ጋር አይሰጠው፤ በጎመኑና በምስሩ ያለውን ብረት ሰውነቱ እንዳያገኝ ያደርገዋልና። ዶሮ ያላችሁ፣ እንቁላል ሁሉ አይሸጥ። ከአምስቱ ሁለቱ የልጁ ይሁኑ።

አባቶች! እናንተን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ትሪው ሲቀርብ መጀመሪያ ለነፍሰ ጡሯና ለሕፃኑ ይነሣላቸው። ይህ ገንዘብ አያስወጣም። የሚያስወጣው ትንሽ ኩራት ነው።

መምህራን፤ እኛ በተማርንበት ዘመን ሆም ኢኮኖሚክስ የሚባል ትምህርት ነበር። እንቀልድበት ነበር፤ «የወጥ ትምህርት» እንለው ነበር። እኔ ራሴ ስቄበት፣ ኋላ ልጄ ታሞ አለቀስኩበት። ያንን ለሴቱም ለወንዱም መልሱልን። ልጅ ስለ ፎቶሲንተሲስ ሸምድዶ ሽምብራ ለምን እንደሚጠቅም ሳያውቅ አይውጣ።

መንግሥትን ደግሞ የምንጠይቀው ምጽዋት አይደለም። ጨው ላይ የሠራውን ዱቄቱና ዘይቱ ላይ ይሥራ፤ በወረቀት ሳይሆን ሱቁ ድረስ። የተማሪ ምገባው ከከተማ አልፎ ገጠር ይግባ። የተዘጉት ትምህርት ቤቶች ይከፈቱ፤ ለዚህም ጠመንጃው ዝም ይበል። ሴት ልጅ ትምህርቷን ሳትጨርስ የሚድራት በሕግ ይጠየቅ። ስለ ዕድገት ሲነገረንም፣ ከመንገዱና ከሕንፃው ጋር የልጆቻችን ቁመት አብሮ ይነገረን። እሱ አይዋሽም።

ከመውረዴ በፊት ወደዚያች እናት ልመለስ። «ባለን ነገር ምን እናድርግ?» ብላኛለች። ልጄ፣ ባለሽ ነገር የምታደርጊውን ነግሬሻለሁ፤ ዛሬ ማታ ጀምሪው። ግን «ባለን ነገር» እያልሽ እስከ መጨረሻው አትኑሪ። የሌለሽንም ጠይቂ፤ መብትሽ ነው። ጤና ጣቢያ ስትሄጂ «ይድገሙልኝ» በይ። ቀበሌ ስትሄጂ «ለምን?» በይ። ሴት ልጅሽን ትምህርት ቤት ላኪያት። እሷም አንድ ቀን እዚህ መድረክ ላይ ቆማ ከእኔ የተሻለ ትናገራለች።